የረጋ ውሃ ድምፅ፦ የሌዘር ብርሃን በፈሳሾች ውስጥ የሚያነበው ሞገድ

ዱርቤቴ ገበያ አረቄ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱን እንደ ተቀበለ ወዲያው ገንዘቡን አይቆጥርም። አስቀድሞ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ አረፋው ምን ያህል እንደሆነና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ከተመለከተ በኋላ «ይህስ ውሃ በዝቶበታል» ወይም «ይህ ደኅና ነው» ይላል። ማር ገዢም እንዲሁ በእንጨት ጨልፎ ከፍ ያደርግና አወራረዱን ያያል፤ ቀጥኖ የሚወርደውን ይጠረጥራል። ሁለቱም ሰዎች የሚሠሩት፣ ስሙን ባይሰጡትም፣ የፊዚክስ ሥራ ነው። ይኸውም ፈሳሹን በትንሹ ማናወጥና ለመናወጡ የሚሰጠውን መልስ መመልከት ነው።

ይህ ጸሐፊ የዚያው አካባቢ ልጅ በመሆኑ በዚህ ሥርዓት ላይ ቀልድ የለውም። ነገር ግን አረፋ የሚመልሰው ጥያቄ ጥቂት መሆኑን ያውቃል። አረቄ ውስጥ ከሚጠጣው አልኮል ማለትም ከኤታኖል ጋር ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል ተቀላቅሎ ቢገኝ ዓይን ያጠፋል፣ ነፍስም ይነሣል፤ በመልኩም ሆነ በሽታው ለገዢው ራሱን አይገልጥም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጠርሙሱን ሳይከፍቱ፣ ፈሳሹን ሳይቀምሱና ሳይነኩ፣ በውስጡ ያለውን ነገር ማወቅ ይቻላልን? ከቀረቡት መልሶች አንዱ ፈሳሹን በድምፅ ማናወጥና ድምፁን በብርሃን ማንበብ ነው። ይህ መልስ እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚያቆም ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ

እንደሚታወቀው ድምፅ ማለት የመጨመቅና የመላላት ሞገድ ነው። አንድ የፈሳሽ ክፍል ሲጨመቅ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ራሱ ይላላል፤ ጎረቤቱም በተራው የሚቀጥለውን ይገፋል። ይህ መልእክት የሚሄድበት ፍጥነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ፈሳሹ መጨመቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ማለትም ጽናቱ ነው። ሁለተኛው እፍጋቱ ነው። ግንኙነታቸው ይህን ይመስላል፦

የፍጥነት ካሬ = ጽናት ÷ እፍጋት

ብዙ ተማሪዎች «እፍጋቱ የበዛ ነገር ድምፅን በፍጥነት ያስተላልፋል» ብለው ሲመልሱ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ሆኖም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሜርኩሪ ውስጥ በሰከንድ 1450 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውሃ ውስጥ 1482 ሜትር ይጓዛል። ሁለቱ የተቀራረቡት የሜርኩሪ ጽናትም በዚያው መጠን ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ የድምፅን ፍጥነት የለካ ሰው እፍጋቱን በሚዛን ካወቀ የፈሳሹን ጽናት አገኘ ማለት ነው። ጽናት ደግሞ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ ይናገራል። ዓይን ከማይደርስበት ቦታ የሚመጣ ወሬ ነው።

ከፈሳሾች ሁሉ ውሃ አመለኛ ነው። አብዛኞቹ ፈሳሾች ሲሞቁ ሞለኪውሎቻቸው ይራራቃሉ፤ ጽናታቸው ይቀንሳል፤ ድምፁም ይዘገያል። ውሃ ግን ሲሞቅ ድምፅን ያፋጥናል። በ0 ዲግሪ በሰከንድ 1402 ሜትር የነበረው በ20 ዲግሪ 1482 ይሆናል፤ በ74 ዲግሪ ገደማ 1555 ደርሶ ከዚያ በኋላ መውረድ ይጀምራል። ምክንያቱ የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው የሚሠሩት ክፍት መዋቅር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በዚህ መዋቅር ውስጥ ባዶ ቦታ ስላለው ሲገፉት ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሙቀት መዋቅሩን ሲያፈርሰው ግን መሸሻው ይጠፋና ውሃው ይጸናል። ይህን የውሃ ጠባይ አንባቢ እንዲያስታውስ እንጠይቃለን፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

ትልም እንደ ተሰመረበት ማሳ

ብርሃን ስለ ድምፅ እንዴት ሊያውቅ ይችላል? መሸጋገሪያው ስብረት ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ እንደሚሰበር ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል። የስብረቱ መጠን በፈሳሹ እፍጋት ይለወጣል፤ የተጨመቀው ክፍል ብርሃንን ይበልጥ ያዘገየዋል፣ የላላው ክፍል ደግሞ ያንን ያህል አያዘገየውም። ስለዚህ ድምፅ የሚያልፍበት ፈሳሽ ለብርሃን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በሰኔ ወር ከዱርቤቴ ወጣ ብሎ ማሳ የተመለከተ ሰው የሚያየውን ይመስላል፦ ጉብ፣ ጎድጎድ፣ ጉብ፣ ጎድጎድ፤ በእኩል ርቀት የተሰመረ ትልም። በፊዚክስ እንዲህ ያለውን በእኩል ርቀት የተሰመረ ነገር ግሬቲንግ እንለዋለን። ግሬቲንግ ብርሃንን በዘፈቀደ አይበትነውም፤ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ይልከዋል። አቅጣጫው ደግሞ የትልሙን ስፋት ያስቆጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ማሳ የተቀመጠ ነው፤ ድምፅ ግን በሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ታዲያ የሚሮጥ ትልም እንዴት ግሬቲንግ ይሆናል? መልሱ ብርሃን ከድምፅ በጣም ፈጣን መሆኑ ነው። በውሃ ውስጥ ብርሃን ከድምፅ 150 ሺህ ጊዜ ያህል ይፈጥናል። አንድ ብርሃን ዕቃውን አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ የድምፁ ትልም በቦታው እንደ ቆመ ሊቆጠር ይችላል። ፈጽሞ ግን አልቆመም፤ ያ ጥቂት እንቅስቃሴ ወደ በኋላ ዋናው ጉዳያችን ይሆናል።

ይህ ነገር በሙከራ የታየው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ደባይና ሲርስ በአሜሪካ፣ ሉካና ቢካር በፈረንሳይ፣ በየፊናቸው በፈሳሽ ውስጥ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ለቀው በጎን ብርሃን ቢያሳልፉ አንዱ የብርሃን ነጠብጣብ ወደ ብዙ ተከፈለ። ሕንዳዊው ራማንና ናጌንድራ ናት እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች የነጠብጣቦቹን ድምቀት በስሌት አብራሩ። ያን ጊዜ ሌዘር አልነበረም፤ የሜርኩሪ መብራትና ቀጭን ስንጥቅ ይበቃቸው ነበር። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛ ቀይ የሌዘር መጠቆሚያ ከነርሱ መብራት የተሻለ ነው። ስለዚህ ሙከራው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ክበብ የማይቻል አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ጎኖቹ ጠፍጣፋና ትይዩ የሆኑ የመስታወት ዕቃ፣ ቀይ ሌዘር፣ የጠቆረ ክፍል፣ ማስመሪያ፣ እንዲሁም ድምፅ የሚያመነጭ ክሪስታል ያስፈልጋል። ውሃን ወደ ጉም የሚለውጡት አነስተኛ መሣሪያዎች በውስጣቸው በ1.7 ሜጋሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ጊዜ፣ የሚንቀጠቀጥ ክብ ገል አላቸው። ይህን ገል አውጥቶ ከቤተ ሙከራው የምልክት ማመንጫ ጋር ማገናኘት ይቻላል። ኃይሉ ይነስ፤ ሲበዛ ፈሳሹን ያሞቀዋል፣ አረፋም ያስነሣል። ገሉ በአንዱ ጫፍ ይሆንና ድምፁ በዕቃው ርዝመት ሲሄድ ሌዘሩ ድምፁን በቀጥታ ማዕዘን ያቋርጣል። ነጠብጣቦቹ በ6 ሜትር ርቀት ባለው ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ማንም ሰው ዓይኑን በጨረሩ መስመር ላይ እንዳያደርግ፣ መስታወቱ የሚመልሰውም ጨረር ወደ ማንም ፊት እንዳይሄድ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ማስጠንቀቂያ ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም፤ የዓይን ሬቲና ሲቃጠል መጀመሪያ ሕመም የለውም።

ስሌቱ እነሆ። ማዕዘኑ ትንሽ ስለሆነ፦

በነጠብጣቦች መካከል ያለ ርቀት = የግድግዳው ርቀት × የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ÷ የድምፁ የሞገድ ርዝመት

ውሃው 20 ዲግሪ ቢሆን የድምፁ የሞገድ ርዝመት 1482ን ለ1,700,000 አካፍለን 0.87 ሚሊሜትር ይሆናል። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ከሆነ በነጠብጣቦቹ መካከል 4.5 ሚሊሜትር ያህል እናገኛለን። የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በአየር ውስጥ ያለውን መውሰዳችን አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። በውሃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከመስታወቱ ሲወጣ በዚያው መጠን ይበልጥ ይሰበራልና ሁለቱ ይጣፋሉ። የውሃውን ስብረት ማወቅ ሳያስፈልገን ቀረ፤ ይህ የሙከራው ትልቅ ጸጋ ነው።

አረቄው፣ ዘይቱና የማስመሪያው አቅም

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ንጹሕ ኤታኖል በ20 ዲግሪ ድምፅን በሰከንድ 1160 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በሠራነው መሣሪያ የነጠብጣቦቹ ርቀት 5.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ከውሃው 4.5 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በማስመሪያ ይታያል። ደስ ያሰኛል። እንግዲያውስ አረቄ የውሃና የኤታኖል ድብልቅ ነውና ፍጥነቱ በ1482 እና በ1160 መካከል ይሆናል፣ ቦታውም የውሃውን ብዛት ይነግረናል ብለን እንጠብቃለን።

አይሆንም። በውሃ ላይ ኤታኖል ሲጨመር የድምፁ ፍጥነት መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከጠቅላላው ክብደት ሩብ ገደማው ኤታኖል ሲሆን ከሁለቱም ንጹሕ ፈሳሾች በልጦ ወደ 1600 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኤታኖሉ ቁጥር የሚወርደው። የኤታኖል ሞለኪውል ቀደም ሲል በጠቀስነው የውሃ መዋቅር ባዶ ቦታዎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ መሸሻው ይደፈናል፤ ድብልቁም ከሁለቱ ወላጆቹ የጸና ይሆናል። ቅልቅል የአማካዩን ጠባይ ይይዛል የሚለው ሐሳብ በዚህ ላይ ይወድቃል። ውጤቱም አንድ የፍጥነት ቁጥር ለሁለት የተለያዩ አረቄዎች፣ ለቀጭኑም ለወፍራሙም፣ ሊሆን መቻሉ ነው። የጠርሙሱን አረፋ ያየው ገዢ ያንን አይሳሳትም ነበር!

ሜታኖሉስ? የንጹሕ ሜታኖል የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ 1120 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ከኤታኖል የሚለየው በ40 ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ ከአንዱ ዳር ሁለተኛ ነጠብጣብ እስከ ሌላው ዳር ሁለተኛ ነጠብጣብ ብንለካ አራት ክፍተቶችን በአንድ ጊዜ እንለካለን፤ ለውሃ 18 ሚሊሜትር ያህል ነው። ማስመሪያችን ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ስሕተቱ ከመቶ ሦስት ይጠጋል፤ ይህም በፍጥነት ሲተረጎም 40 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። የመርዙና የመጠጡ ልዩነት ከማስመሪያችን ስሕተት ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ስለ አረቄ ደኅንነት የሚፈርድ ተማሪ ሰው ይገድላል። በአልኮል መለኪያ ተንሳፋፊ የሚተማመንም ከዚህ አይሻልም፤ የሁለቱ አልኮሎች እፍጋት፣ 0.789 እና 0.792 ግራም በሚሊሊትር፣ እጅግ የተቀራረበ ነውና። ሜታኖልን ለይቶ የሚመሰክረው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ በተለይም የጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው።

መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጥያቄውን መለወጥ ነው የሚያስፈልገው። ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። የምግብ ዘይት በ20 ዲግሪ ድምፅን በሰከንድ 1450 እስከ 1470 ሜትር ያስኬዳል። ከውሃ ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ በማስመሪያችን ሁለቱ አንድ ናቸው። አሁን ሁለቱንም ወደ 50 ዲግሪ እናሙቅ። ውሃ፣ አመለኛ ነው ብለናል፣ ወደ 1543 ይወጣል። ዘይት በየዲግሪው ከሦስት ሜትር በሰከንድ በላይ እየቀነሰ ወደ 1360 ገደማ ይወርዳል። የአራቱ ክፍተቶች ስፋት ለውሃው 17.2፣ ለዘይቱ 19.5 ሚሊሜትር ይሆናል። በቀዝቃዛው አንድ የነበሩት በሙቁ ተለያዩ። አንድ ቁጥር ያልገለጠውን የቁጥሩ አካሄድ ገለጠው። ቴርሞሜትር ሳይኖር የተለካ የድምፅ ፍጥነት ምንም ዋጋ የሌለው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በተማሪዎች የሙከራ ዘገባ ውስጥ ይህ ጸሐፊ በተደጋጋሚ ያጣውም ይህችን አንዲት የሙቀት ቁጥር ነው። (አልኮልን በዚህ መንገድ ማሞቅ ግን የተከለከለ ነው፤ ትነቱ ይቀጣጠላል።)

ማንም ያላሰማው ድምፅ

እስካሁን ድምፁን ያመነጨነው እኛ ነን። አሁን ገሉን እናጥፋው። ከግልገል ዐባይ የተቀዳ፣ የተጣራና የረጋ ውሃ በብርጭቆ ተቀምጧል እንበል። ጸጥ ያለ ነው?

ለጆሮ አዎን። ነገር ግን ሞለኪውሎቹ በሙቀት ምክንያት ያለ ዕረፍት ይጋጫሉ፤ በየቅጽበቱም አንድ ጥቂት ክፍል ይጨመቃል፣ ሌላው ይላላል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መጨመቅ ድምፅ ሆኖ ይነሣል። በረጋ ውሃ ውስጥ በየአቅጣጫው፣ በየድግግሞሹ የሚሄዱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የድምፅ ሞገዶች አሉ፤ ውሃው ፍጹም ዜሮ የሙቀት ደረጃ ላይ እስካልደረሰ ድረስም አይጠፉም። ፈረንሳዊው ሌዎን ብሪሉዋን እ.ኤ.አ. በ1922 ብርሃን ከነዚህ ሞገዶች ላይ መበተን እንዳለበት፣ ሲበተንም ድግግሞሹ በጥቂቱ መለወጥ እንዳለበት በጽሑፍ አሳየ። ሩሲያዊው ማንደልሽታምም በራሱ መንገድ ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1926 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሮስ በሌኒንግራድ በፈሳሾች ውስጥ በዓይን አየው።

ድግግሞሹ ለምን ይለወጣል? ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚሄድ አውቶቡስ ዱርቤቴን ጡሩንባ እየነፋ ሲያልፍ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚሰማውን ያስታውሷል። ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያልፍ ይወፍራል። ቀደም ሲል «የሚሮጥ ትልም» ያልነው የድምፅ ሞገድም ለብርሃን የሚሮጥ መስታወት ነው። ወደ ብርሃኑ የሚመጣው ሞገድ የሚበትነውን ብርሃን ድግግሞሽ ከፍ ያደርጋል፤ የሚሸሸው ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ከአንድ ቀለም ሌዘር ሦስት መስመሮች ይገኛሉ፦ በመካከል ያልተለወጠው፣ በግራና በቀኝ ሁለቱ የብሪሉዋን መስመሮች። ከመካከለኛው ያላቸው ርቀት እንደሚከተለው ይሰላል፦

የድግግሞሽ ለውጥ = 2 × ስብረት × የድምፅ ፍጥነት × የግማሽ ማዕዘኑ ሳይን ÷ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት

ቀይ የሂሊየም ኒዮን ሌዘር 632.8 ናኖሜትር ነው። የውሃ ስብረት 1.33፣ የድምፅ ፍጥነቱ 1482፣ የምንመለከትበትም ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሁን። ለውጡ 4.4 ጊጋሄርዝ ይሆናል። ማለትም በዚያ ጸጥተኛ ብርጭቆ ውስጥ በሰከንድ አራት ቢሊዮን አራት መቶ ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አለ፤ የሞገዱም ርዝመት 336 ናኖሜትር ብቻ ነው። የዚህን ድግግሞሽ ድምፅ በውሃ ውስጥ የሚያመነጭ ገል መሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሙቀት ግን በነጻ ያመነጨዋል።

ችግሩ ያለው በማየት ላይ ነው። የቀዩ ብርሃን ድግግሞሽ 474 ሺህ ጊጋሄርዝ ነው፤ እኛ የምንፈልገው 4.4ቱን ነው። ከመቶ ሺህ አንድ ክፍል እንደማለት ነው። የግሮስ ዘመን መብራቶች የራሳቸው ቀለም ጠርቶ አንድ ስላልነበረና ብርሃናቸው ደካማ ስለሆነ ፎቶግራፉ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያው ሌዘር ሲበራ ነገሩ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በሌዘር የበራ የፈሳሾች የብሪሉዋን ብተና ልኬቶች መታተም ጀመሩ። ብርሃኑን የሚለየው መሣሪያ ግን ከሌዘር በፊት የነበረ ነው። ፋብሪና ፔሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት፣ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ሁለት እጅግ ትይዩ መስታወቶች ናቸው። ብርሃኑ በመካከላቸው ደጋግሞ ይመላለስና ከርቀታቸው ጋር የተስማማው ቀለም ብቻ ያልፋል። ርቀቱን በጥቂት ናኖሜትር እየለወጡ መስመሮቹን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከሚሊዮኖች ሞለኪውሎች ይበልጥ ብርሃን ትበትናለች፤ ድግግሞሹን ስለማትለውጥም መካከለኛውን መስመር አሳብጣ ጎረቤቶቹን ትሸፍናለች። በበጋ አቧራችን የሚያውቅ ሰው ውሃውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ በረቂቅ ማጣሪያ ማሳለፍ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

በዚህ መንገድ ኤታኖል 3.5፣ ሜታኖል 3.3 ጊጋሄርዝ ይሰጣሉ። በግድግዳው ሙከራ የተደበላለቁት ሁለቱ አልኮሎች እዚህ በግልጽ ተለያዩ። የስብረታቸው ልዩነት ከድምፅ ፍጥነታቸው ልዩነት ጋር ስለተደመረ ነው። ጠርሙሱም አይከፈትም፤ ጥራት ያለው መስታወት ይሁን እንጂ አንዲት ጠብታ እንኳ ትበቃለች። ነገር ግን አረቄ ንጹሕ አልኮል አይደለም። ውሃ፣ ኤታኖልና ሜታኖል የተደባለቁበት ፈሳሽ ሁለት ያልታወቁ መጠኖች አሉት፤ እኛ የያዝነው አንድ እኩልታ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ተማሪ ቀሪውን ራሱ ይፈርዳል።

ታዲያ የብሪሉዋን መስመር ከፍጥነት ሌላ ምን ይናገራል? ብዙ። የመስመሩ ስፋት ድምፁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞት ይገልጻል። በውሃ ውስጥ የ4.4 ጊጋሄርዝ ድምፅ ሁለት ማይክሮሜትር፣ ማለትም የራሱን ስድስት የሞገድ ርዝመት ያህል፣ ከመሄዱ በአመዛኙ ይዳከማል። የመካከለኛው መስመር ድምቀት ደግሞ ስለ ፈሳሹ የሙቀት አቅም ይመሰክራል። ላንዳውና ፕላቼክ እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳሳዩት የመካከለኛው መስመር ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ያለው ንጽጽር በሁለቱ የሙቀት አቅሞች፣ በቋሚ ግፊትና በቋሚ ይዘት ባሉት፣ ልዩነት ይወሰናል። ውሃ በ4 ዲግሪ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ስለማይሰፋና ስለማይጠብ በዚያ ቦታ ሁለቱ አቅሞች እኩል ይሆናሉ፤ መካከለኛው መስመርም ሊጠፋ ይገባዋል። በዚያ ሙቀት ላይ በመካከል ቀርቶ የሚታይ ብርሃን ካለ አብዛኛውን ጊዜ አቧራው ነው!

የማር ነገር

ማርን ለመጨረሻ ያቆየነው ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምር ስለሆነ ነው። በማንኪያ ሲያነሡት በዝግታ ይፈሳል። በድንገት ሲመቱት ግን እንደ ጠጣር ይመልሳል። ልዩነቱ በጊዜ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ቦታ ለመለዋወጥ የሚፈልጉት የተወሰነ ጊዜ አለ። ከዚያ በዝግታ የሚመጣ ግፊት ፈሳሽ ያገኛል፤ ከዚያ ፈጥኖ የሚመጣ ግፊት ጠጣር ያገኛል። ግሊሰሪንን በመሳሰሉ ወፍራም ፈሳሾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል። በሜጋሄርዝ ገል የተለካው የድምፅ ፍጥነት ከብሪሉዋኑ የጊጋሄርዝ ፍጥነት ያንሳል። ማሞቅና ማቀዝቀዝ ድንበሩን ያዘዋውረዋል። ስለዚህ የማርን ድምፅ በሁለቱም መንገድ፣ በግድግዳው ነጠብጣቦችና በብሪሉዋን መስመሮች፣ የለካ ሰው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ቢያገኝ ተሳሳትሁ ብሎ አንዱን መጣል የለበትም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ልዩነታቸውም ሞለኪውሎቹ ቦታ የሚለዋወጡበትን ጊዜ ያስገምታል።

ውሃ የተጨመረበት ማር እንደሚለይ መገመት ይቻላል፤ ውሃ ሲገባ መወፈሩ ይቀንሳልና። በስኳር ሽሮፕ የተደለዘው ግን የስኳሩና የውሃው መጠን ከእውነተኛው ማር ጋር ከተስተካከለ በድምፅ ሊለይ አይችልም፤ ማሩም ራሱ በአብዛኛው ስኳርና ውሃ ነው።

ይህ ዘዴ ከፈሳሽ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ስካርቸሊና ዩን በብሪሉዋን ብተና የዓይንን ክፍሎች ጽናት ሳይነኩ መለካት እንደሚቻል አሳዩ። በረጅም የብርሃን ገመድ ውስጥ የሚመለሰውን የብሪሉዋን ብርሃን በመለካትም ገመዱ የቱ ላይ እንደ ተወጠረ ወይም እንደ ሞቀ ይታወቃል።

ለእኛ አገር አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ከራሳችን በላይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚሁ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ በቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ጅረቱ ሲበረታ በኤሌክትሮኖችና በአዮኖች መካከል ድምፅን የሚመስሉ የእፍጋት ሞገዶች ይነሣሉ፤ ፋርሊና ቡነማን እ.ኤ.አ. በ1963 ምክንያታቸውን በየፊናቸው አስረድተዋል። በቅኔ ትምህርት ቤቷ በታወቀችው በጎጃሟ ዋሸራ ስም የተሰየመው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ የሚያጠናው የዚህ ከፍታ ሰማይ ነው። በራዳርና በሌዘር መካከል የሕግ ልዩነት የለም። ከላይ ባየነው እኩልታ ውስጥ ማዕዘኑን 180 ዲግሪ ብናደርግ ብርሃኑ ወደ መጣበት የሚመልሰው ሞገድ ርዝመቱ የራሱን ግማሽ የሆነው ብቻ ነው። የ50 ሜጋሄርዝ ራዳር የሞገድ ርዝመት 6 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከሰማይ የሚያነበው የ3 ሜትሩን ትልም ነው።